ሞተሩ ሦስት ሰዓት ሠራ

ወርክሾፑ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የሠራተኞች ፋይል ብቻ ነበር። ለሌላው ሁሉ «ደቂቃ» ናት። «ደቂቃን ጥሩልኝ» ይላሉ ጋሼ በቢሯቸው መስኮት ብቅ ብለው። አንድ ቀን ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ እንግዳ በሩ ላይ ቆሞ «ደቂቃ የምትባለው የት ናት?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ዘበኛው ፈገግ እንኳ ሳይል «አሁን እዚህ ነበረች፤ አለፈች» አለውና ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። ሳቋ አጭር ነው፤ እሱንም የምትቆጥረው ይመስላል።

ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። የሙከራ ክፍሉ መዝጋቢ ናት። ሞተር ሲነሣ፣ ሲያስል፣ ሲሞት፣ ሰዓቷን በግራ እጇ እስክሪብቶዋን በቀኝ ይዛ ከወፍራሙ መስታወት ጀርባ ትቆማለች። ሌላው «ነደደ! ዝጋው!» እያለ ሲራወጥ፣ እሷ «አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሴኮንድ ላይ ጭስ ታየ፤ ጭሱ ነጭ ነው» ብላ ትጽፋለች። ነጭ መሆኑን ማን ያስተውላል በዚያ ሰዓት? እሷ ታስተውላለች።

ድሮ የቶርኖ ሠራተኛ ነበረች። ብረት ስታለሰልስ ማሽኑ የግራ ሌባ ጣቷን ጫፍ ይዞባት ሄደ። ያን ቀን በራሳቸው መኪና ሐኪም ቤት ያደረሷት ጋሼ ናቸው። የወርክሾፑ ኃላፊ፣ ውጭ ተምረው የመጡ፣ መነጽራቸውን ሁልጊዜ በሸሚዛቸው ጫፍ የሚጠርጉ ሰው። እጇ ሲድን ወፍራም መዝገብ አመጡላትና «እኔ ከጣትሽ ይልቅ ዓይንሽን እፈልገዋለሁ» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታላቅ ወንድም እንዳላት ቆጠረች።

ታናሽ ወንድም ደግሞ አላት። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ ዘጠኝ፣ እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር። ሰዓት ማንበብ ያስተማረችው እሷ ናት፤ ካርቶን ላይ ክብ ሥላ፣ አንድ ሙሉና አንድ የተሰበረ የክብሪት እንጨት እያዞረች። ብየዳ ተምሮ ሲጨርስ እጁን ይዛ ጋሼ ፊት ያቆመችውም እሷ ናት። አሁን የሁለት ልጆች አባት ሆኗል፤ የሙከራ ክፍሉ በያጅም ነው። እሱ የበየደው የሞተር ቀፎ እሳት ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ስፌቱ አይታይም። እህቱን «እትዬ» ነው የሚላት፤ ሰው ፊትም ሳያፍር።

ሞተሩን ያየ ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ከባልዲ አይበልጥም። ቀፎው የተቆረጠው ከአሮጌ የጋዝ ሲሊንደር ነው፤ አየር የሚስበው የፊቱ መዘውር ከተጋጨ የጭነት መኪና ላይ የወጣ ነው። አሠራሩን ሲሰማ ግን ሳቁ ይቀራል። ከፊት አየር ይስባል፤ አየሩን ጨምቆ ከላምባ ጋር ያነደዋል፤ እሳቱ ወደ ኋላ ሲወጣ መዳፍ የማትሞላ ሌላ መዘውር ይመታል፤ እሷ ደግሞ የፊቱን ታዞራለች። እሳቱ አየሩን ይጠራል፣ አየሩ እሳቱን ያበላል። አንዴ ከተያያዙ ሰው አያስፈልጋቸውም። መዘውሯ በአንድ ሴኮንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ትዞራለች። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ ሦስት መቶ ዙር!

እንዲህ ያለ ትንሽ ጄት ሞተር ከውጭ ገዝቶ መግጠም ይቻላል። እነሱ ግን እዚሁ፣ በገዛ እጃቸው ሊሠሩት ተነሡ። የደን ቃጠሎ ከላይ ሆና የምትቃኝ፣ አብራሪ የሌላት አነስተኛ አውሮፕላን ትበርበታለች ተብሎ ነበር የታሰበው። ስድስት ዓመት ሞከሩ። በስድስቱ ዓመት ውስጥ ሞተሩ ያለ ሰው እርዳታ ከአርባ ሴኮንድ በላይ ዞሮ አያውቅም። ይነሣል፣ ያፏጫል፣ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ይግላል፣ ይነክሳል፣ ይቆማል። ይህ ሁሉ በደቂቃ መዝገብ ውስጥ አለ። የመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በራሷ እጅ የጻፈችው ደንብም አለ፦ «ስርዝ ድልዝ የለም። የተሳሳተው ባለበት ይቆይ፤ እርማቱ ከሥሩ ይጻፍ።»

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው።

«እትዬ፣ ዛሬ ስንት ትሰጪዋለሽ?» አላት ወንድሟ የጆሮ መከላከያውን እየደፋ።

«እኔ ነቢይ ነኝ? ሲሞት እነግርሃለሁ።»

«ምነው ሲሞት! ሲያድግ በይ እንጂ።»

ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሞተሩ ተነሣ። አርባ ሴኮንድ አለፈ። አንድ ደቂቃ። ማንም ቃል አልተነፈሰም፤ ሰው ቢያወራ የሚደነግጥ ይመስል። አምስት ደቂቃ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩና ሳይጨርሱ መልሰው አደረጉት። ፉጨቱ መስታወቱን አልፎ ጥርስ ሥር ይገባል፤ ከጅራቱ የሚወጣው አየር ከኋላው ያለውን ግድግዳ እንደ ውኃ ያርገበግበዋል። ደቂቃ በየደቂቃው የኩሽኔታውን ሙቀት እያነበበች በነጠላ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። በአሥራ ዘጠነኛው ላይ ድምፁ ቀጠነ። ወንድሟም ሰማው፤ ኩሽኔታው ሳይነክስ ነዳጁን ዘጋ።

«አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ!» ብላ ጮኸች። በዚያ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

ወንድሟ እየሮጠ መጥቶ እንደ ሕፃን አነሣት። «እናቴን! አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ፣ እትዬ!» አሽከረከራት፤ አሥራ ዘጠኝ ሙቀት የተጻፈበት ወረቀት እጇ ላይ ይውለበለባል። ሲያወርዳት ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው ደረታቸው ላይ ለጠፉት። እሷም መዝገቡን ከፈተች። የጻፈችው አንዲት መስመር ብቻ ናት፦ «ሞተሩ ሦስት ሰዓት ሠራ።»

ሌላ ቀን ቢሆን «ሦስት ሰዓት ላይ» ትላለች። ያን ቀን ሁለቱ ፊደላት ደስታ ውስጥ ጠፍተው ቀሩ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ የወርክሾፑን ዕጣ የሚወስነው ቦርድ ሰብሳቢ መጡ። ከመምጣታቸው በፊት ወሬው ደርሷል፤ ወርክሾፑ ተዘግቶ መጋዘን ሊሆን ነው። ጋሼ ቢሮ ውስጥ መዝገቡ ፊታቸው ተዘረጋ። ደቂቃ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ወንድሟ የሥራ ልብሱን አጥቦ መስኮቱ ሥር። ሰብሳቢው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ሞተሩ . . . ሦስት ሰዓት . . . ሠራ።» ቀና አሉ። «ሦስት ሰዓት? ባለፈው አርባ ሴኮንድ ብላችሁኝ አልነበረም እንዴ?»

ጋሼ ዝም አሉ። ዝምታው አራት ሴኮንድ ነበር፤ ደቂቃ መቁጠር የማትተወው ነገር ነው።

«እንደተጻፈው ነው» አሉ ጋሼ።

ቀልድ መሰላት። አሁን ይስቁና ያርሙታል ብላ ጠበቀች። ሳያርሙት ሲቀሩ «ይቅርታ ጌታዬ፣ እሱ እንኳ . . .» ብላ ጀመረች።

«ደቂቃ፣ ሻይ እንዲመጣልን ንገሪልን» አሉ ጋሼ በለሰለሰ ድምፅ።

አልወጣችም። ሰብሳቢው ወደ በያጁ ዞሩ። «ሞተሩ አጠገብ የነበርከው አንተ ነህ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«እውነት ሦስት ሰዓት ነው?»

ወንድሟ ጫማውን አየ። «ሦስት ሰዓት ነበር፣ ጌታዬ።»

ሰብሳቢው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ፤ ከዚያ አጨበጨቡ። ደቂቃ አፏን ብትከፍት ወንድሟን በሰው ፊት ውሸታም ልታደርገው ነው። ሻዩን ልታዝ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«ምንድን ነው ያልከው አንተ?»

«ምን አልኩ? ሦስት ሰዓት ነበር። አልነበረም?»

«ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት!»

«እኔስ ከሰዓት በኋላ ነው አልኩ?» ፈገግ ሊል ሞከረና ፊቷን አይቶ ተወው። «እትዬ፣ መጋዘን ሊያደርጉን ነበር እኮ። አንዲት ቃል አልዋሸሁም። የጻፍሽውም አንቺ ነሽ።»

የመጨረሻዋ ቃል ከሁሉም በላይ ወጋቻት። እውነት ነበረቻ። ውሸት ቢሆን ትመልስለት ነበር።

በማግስቱ ጋሼ ቢሮ ገባች። «የሙቀቱን ወረቀት ይስጡኝ፤ ከመዝገቡ ጋር ላያይዘው።»

«ቁጭ በይ እስቲ። እናንተ ልጆቼ ናችሁ። ጊዜ ብቻ ስጪኝ። በሚቀጥለው ወር እውነትም ሦስት ሰዓት ሙሉ ይሠራል። ያን ጊዜ ይሄን ማን ያስታውሰዋል?»

«ካልሠራስ?»

«ይሠራል።»

«ኩሽኔታው በአሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ነው ድምፁ የቀጠነው፣ ጋሼ። ሦስት ሰዓት ይችላል ብለው አምነው አውሮፕላኗ ላይ ቢገጥሙት፣ የሆነ ሰው ጣሪያ ላይ ነው የምትወድቀው።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ወረቀቱ የት እንደገባ እኔም አላውቅም» አሉ፤ ያን እያሉም በጉልበታቸው ገርበብ ያለውን መሳቢያ ገፋ አድርገው ዘጉት።

የመዝገቡ ገጽ ኮፒ ተደርጎ ለቦርዱ ሊላክ መሆኑን ስትሰማ ሌላ ነገር አላሰበችም። መዝገቡን ከፈተች፤ በዚያው እስክሪብቶ፣ «ሰዓት» እና «ሠራ» በሚሉት ቃላት መካከል ባለችው ቀጭን ክፍተት «ላይ» ብላ አስገባች። ሁለት ፊደል። ጎን ለጎን መቆሚያ አጥተው የተደገፉ ይመስላሉ።

ደንቡን የጻፈችው እሷ ናት። እርማቱን ከሥሩ ብትጽፈው ኖሮ ማንም አይነካትም ነበር። ከሥሩ መጻፍ ግን «ተሳስቼ ነበር» ማለት ነው፤ እሷ ደግሞ አልተሳሳትኩም ባይ ናት። ሦስት ሰዓት ላይ ነው የሠራው። እንዳየችው ነው የጻፈችው። ሌሎች አጣመው ላነበቡት ለምን ብዬ እኔ ልታረም አለች። በሕይወቷ አንድ ጊዜ ከደንቧ ወጣች፤ የያዟትም በዚያችው አንድ ጊዜ ነው።

«መዝገብ በመደለዝ» ተብላ ሦስት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰዎች ፊት ቀረበች። ጥያቄው አጭር ነበር።

«ይህ ‹ላይ› የሚለው ቃል በዕለቱ ነበረ?» ብለው ወንድሟን ጠየቁት።

«አልነበረም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ስትጽፍ አጠገቧ ነበርኩ።»

ሁለቱም እውነት ነው። ይገርማል፤ ሰብሳቢው ከመጡበት ቀን ጀምሮ ስለዚያች መስመር ማንም ሰው የዋሸ አይመስልም። እንደተጻፈው ነው፤ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ቃሉ አልነበረም። እውነት በእውነት ላይ እየተደረበ ውሸቱን አቆመው።

ደቂቃ ፈቃድ ጠይቃ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተ፣ ያን ቀን አንሥተህ ስታሽከረክረኝ እጄ ላይ ወረቀት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ሙቀት የጻፍኩበት። አላየኸውም?»

አያት። ዓይኑ የሰባት ዓመቱ ልጅ ዓይን ነው፤ ያው ቡናማ፣ ያው ረጅም ሽፋሽፍት።

«የቱ ወረቀት?» አላት።

ቃሉን በጽሑፍ አድርገው ሰጡት፤ ፈረመ። ፊርማው ያምር ነበር፤ መጨረሻዋ ላይ ያለችውን ጭራ እንኳ አልረሳም።

ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውረሻል አሏት። «ቡሎን እንድቆጥር?» ብላ መልቀቂያ ጻፈች። በወጣችበት ቀን ዘበኛው ትንሹን የእግረኛ በር ትቶ የመኪናውን በር ወለል አድርጎ ከፈተላት።

«ምነው ትልቁን?»

«ይሄ ለጋሼ ነው የሚከፈተው። ዛሬ ለሌላ መክፈት አማረኝ» አላት። አላሳቃትም፤ እሱም አልሳቀ።

ቤቷ ከወርክሾፑ አጥር ጀርባ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ሞተሩ ለእንግዶች የሚታይበት ቀን ሲደርስ የምታውቅ መስላ ላለመታየት አንሶላ ዘፍዝፋ ማጠብ ያዘች። አልሰማም ብላ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ያ ፉጨት ተነሣ። ልብስ ማጠቢያው ውስጥ የነበረ እጇ ራሱ ወጣ፤ አረፋ እየተንጠባጠበበት ሰዓቷን ያዘ።

አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ አለፈ። ሃያ። ሃያ አንድ። ከዚያ ድምፁ ቀጠነ፤ ያን መቅጠን ታውቀዋለች፤ ጆሮዋ ላይ ክር የሚበጠስ ይመስላል። በሃያ ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሴኮንድ ሞተሩ ዝም አለ። ሦስት ደቂቃ ጨምሯል! አንድ አፍታ ደስ አላት፤ ደስ ስላላት ደግሞ አፈረች።

ከድምፅ ማጉያው የጋሼ ድምፅ መጣ፦ «ሙከራው በተያዘለት ዕቅድ መሠረት በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል።» ጭብጨባው ሃምሳ ሁለት ሴኮንድ ፈጀ። አንሶላውን ጨምቃ አሰጣችው፤ ውኃው እስከ ክርኗ ወረደ።

አሥር ሰዓት ገደማ በሯ ተንኳኳ። ወንድሟ ነው። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ደጇን ረግጦ አያውቅም።

«እንዴት ነሽ፣ እትዬ?»

«ግባ። ቁጭ በል።»

ሻይ ቀዳችለት፤ ዳቦ ቆረሰችለት። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን በጣቱ ይፈረፍራል። አሁን ይላታል ብላ ጠበቀች። ምን እንደሚላት ሠርታ ጨርሳለች፤ የምትመልስለትንም። ረጅም አልነበረም መልሷ።

«ሰማሽው ዛሬ?» አለ።

«ሰማሁት።»

«ኩሽኔታው በላው። ዘይቱ አልደረሰውም እያልን ነው። ግን ስንት ደቂቃ ላይ እንደቆመ ካላወቅን አዲሱን ከምን ተነሥተን እንሥራው? በቦታሽ የተተካው መዝጋቢ ‹ተነሣ›፣ ‹ቆመ› ብቻ ነው የጻፈው። ‹ደቂቃ እንዳትጽፍ› ተብሏል። እኔ ነዳጁ ላይ ነበርኩ፤ ጋሼም ከእንግዶቹ ጋር።» ሻዩን ፉት አለ። «ጋሼ ‹እህትህ ቆጥራዋለች፣ ሂድና ጠይቃት› አሉኝ።»

«ጋሼ ናቸው የላኩህ?»

«አዎ።»

«በራስህ አልመጣህም።»

ዝም አለ። ይህኛውን ዝምታ አልቆጠረችውም።

ተነሥታ ከመሳቢያ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣች፤ ፊቱ አስቀመጠችው። «ጻፍ።»

ፊቱ በራ። ጎንበስ አለ።

«‹ሞተሩ ዛሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተነሥቶ›» አለች ቀስ ብላ፤ እሱም ተከትሎ ጻፈ። «ከዚያ ቁጥሩን እነግርሃለሁ። ከሥሩ ስምህን ጽፈህ ትፈርማለህ።»

እስክሪብቶው ቆመ። «ስም ምን ያደርጋል? ለራሳችን እኮ ነው፤ ለማንም አይወጣም።»

«ካልወጣ ምን አስፈራህ?»

«ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ፣ እትዬ። ምን ይጎድልብሻል?»

«እኔ ላይ ስትፈርም እጅህ አልተንቀጠቀጠም።»

«እሱ ሌላ ነው።»

«እሱማ ሌላ ነው።»

ወረቀቱን አየው። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ አነሣው፤ ደግሞ አሳረፈው፤ ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ቀረች። «ልጆች አሉኝ» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። ሁለቱንም ከሐኪም ቤት አቅፌ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።»

እስክሪብቶውን በወረቀቱ ላይ በጥንቃቄ አስተኛው፤ ድምፅ እንዳያሰማ የፈለገ ይመስል። ተነሣ። በሩ ላይ አንገቷን ሊስማት ጎንበስ አለና ሐሳቡን ለውጦ ወጣ። ዳቦው ተፈርፍሮ ቀርቷል፤ ሻዩ ግማሽ ድረስ አለ።

ስኒውን ልታነሣ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። መስኮቱ ክፍት ነበር። ወንድሟ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ከእሷ ሦስት እርምጃ እንኳ በማይሞላ ርቀት፣ ጀርባውን ሰጥቷት ቆሟል። ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ መልሶ ከተተ፤ ደግሞ አወጣ። ከዚያ ደወለ።

«ጋሼ? . . . አዎ፣ ሄጄ ነበር» ሲል ሰማችው። «የለችም። ቤቱ ዝግ ነው።»